ከአህያ ጀርባ እስከ ገልባጭ ተሳቢ
(የፍግ ጋሪ አጭር ታሪክ)

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ አባቶቻችን። በኅብረት ሥራ ማህበራት ስብሰባ ላይ ይህ አባባል የማይነሳበት ጊዜ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ብዙውን ጊዜ የምናወራው ስለ ጌጡ ነው። በዚህ የምስረታ በዓል መጽሔታችን ግን ስለ ሸክሙ ጥቂት እንድናወራ ይፈቀድልን።

ማንኛውም አርሶ አደር እንደሚያውቀው የጓሮ መሬት ይወፍራል፣ ራቅ ያለው ማሳ ይከሳል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። አመዱም፣ እበቱም፣ የቤት ጥራጊውም የሚደፋው ደጅ ላይ ነው። ከኩበት የተረፈው ፍግ ከቤቱ ርቆ አይሄድም። ለምሳሌ ለአንድ ሄክታር 50 ኩንታል ፍግ እናድርስ ብንል፣ በአንድ ጊዜ ግማሽ ኩንታል የምትጭን አህያ 100 ጊዜ መመላለስ ይኖርባታል። አህያ የሌለው ቤተሰብ ደግሞ በእናቶችና በልጆች ጀርባ ነው የሚያመላልሰው። ስለዚህ ፍጉ ደጅ ተከምሮ ይቀራል፤ ለሩቁ ማሳ የፋብሪካ ማዳበሪያ ይጠበቃል። እ.ኤ.አ. በ2022 የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ በናረ ጊዜ ይህ ልማድ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ሁላችንም አይተናል።

ከዚህ አንፃር ሲታይ፣ ጭኖ ወስዶ ራሱ የሚያራግፍ ጋሪ እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም። ታሪኩም ከጥንት ጀምሮ ከፍግ ጋር የተሳሰረ ነው።

የአውሮፓ ገበሬ የፍግ ጋሪ

በእንግሊዝና በፈረንሳይ ገጠሮች ለብዙ ዘመናት «ተምብረል» የሚባል ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ነበር። ዋና ሥራው ፍግ ማመላለስ ነው። የጋሪው ሳጥን በፈረሱ መጎተቻ እንጨቶች ላይ በችካል ይያዛል። ገበሬው ማሳው ዘንድ ሲደርስ ችካሉን ይነቅላል፤ ሳጥኑ ወደ ኋላ ይዘነበልና ጭነቱ ይደፋል። አካፋ የሚነካው የቀረውን ለመጥረግ ብቻ ነው። ይህ ጋሪ በታሪክ መጻሕፍት የታወቀው ግን በሌላ ሥራ ነው። በፈረንሳይ አብዮት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1793 እና በ1794፣ ሞት የተፈረደባቸው ሰዎች ወደ መሰየፊያው የተወሰዱት በዚሁ ዓይነት ጋሪ ነበር። የገበሬው ጋሪ በገበሬው ሥራ ሳይሆን በከተማው ደም መታወሱ ያሳዝናል።

ሁለተኛው ትልቅ እርምጃ የመጣው ከትራክተር ጋር ነው። የአየርላንድ ተወላጁ መሐንዲስ ሃሪ ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ1946 በእንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ ከተማ «ቲኢ 20» የተባለችውን ትንሽ ትራክተር ማምረት ጀመረ። እስከ 1956 ድረስ ከ500 ሺህ በላይ ተመርተዋል። ፈርጉሰን ለዚች ትራክተር ገልባጭ ተሳቢም አዘጋጅቶላት ነበር። የተሳቢው ጎማዎች ወደ ኋላ ገፋ ብለው በመቀመጣቸው የጭነቱ ክብደት በከፊል በትራክተሯ የኋላ ጎማ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ቀላሏ ትራክተር ጭቃ ላይ ሳትንሸራተት ትጎትታለች። ሳጥኑን የሚያነሳው የራሷ የዘይት ግፊት ነው። ትምህርቱ ቀላል ነው፦ ጎታቹ ትንሽ ከሆነ ክብደቱን በዘዴ ማከፋፈል ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ምዕራፍ የሞተር ብስክሌት ነው። የጃፓኑ ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1970 ሰፋፊና ለስላሳ ጎማ ያላት ባለ ሦስት እግር ሞተር ለአሜሪካ ገበያ አቀረበ። ሱዙኪ በ1982 ባለ አራት እግሯን አስከተለ። እነዚህ ሞተሮች መጀመሪያ የመዝናኛ ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ ግን የአሜሪካ፣ የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ገበሬዎች ለእርሻ ሥራ አዋሏቸው። ባለ ሦስት እግሮቹ እየተገለበጡ ብዙ ሰው በመጉዳታቸው በአሜሪካ ሽያጫቸው በ1988 ቆመ፤ ባለ አራቶቹ ቀጠሉ።

ትንሹ ገበሬ ሞተሩን ከገዛ በኋላ ፋብሪካ የሠራው ተሳቢ ሲወደድበት የራሱን መሥራት ያዘ። ከአሮጌ መኪና አክስል፣ ከተጣለ ቱቦላሬና ላሜራ፣ ከእጅ ክሪክ ወይም ከገመድ መጠቅለያ እየገጣጠመ ገልባጭ ተሳቢ አደረገው። ሳጥኑን የሚይዘው ያው የተምብረሉ ችካል ነው፤ የተለወጠው ከእንጨት ወደ ብረት መሆኑ ብቻ ነው።

መንኮራኩር በአገራችን

እኛስ? አገራችን የባለሙያ እጥረት አልነበረባትም። አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል መድፍ 7 ቶን ገደማ ይመዝን ነበር። በ1860 ዓ.ም. እዚሁ በተሠራ የጎማ መጎተቻ ላይ ተጭኖ፣ በብዙ መቶ ሰዎች እየተጎተተ፣ ከደብረ ታቦር መቅደላ ደርሷል። ጉዞው ግን ከአምስት ወር በላይ ፈጅቷል፤ ምክንያቱም መንገዱ ራሱ ፊት ፊት እየተቆፈረ መሠራት ነበረበት። በተራራማው አገራችን ጋሪ ለረጅም ዘመን ያልተስፋፋው በዋናነት በመንገድ እጦት ነው። ሸክሙን የአህያና የበቅሎ ጀርባ፣ የእናቶቻችንም ጀርባ ተሸከመው።

ጎማ በብዛት የመጣው ከመኪና ጋር ነው። ዛሬ በየከተማው ጋሪ የሚሠሩልን ጋራዦች የሚናገሩት ቋንቋ ለዚህ ምስክር ነው። ጎማ፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣ ላሜራ፣ ፍሬን የምንላቸው ቃላት በሙሉ ከጣሊያንኛ የተወሰዱ ናቸው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተባሮ ወጣ፤ ቃሉና ብረቱ ቀርቶ ለራሳችን ሥራ ዋለ። የእኛም ብረት በያጅ እንደ ኒውዚላንዱ ገበሬ ሁሉ ከአሮጌ መኪና ዕቃ ጋሪ መሥራት ያውቅበታል።

በምርምር በኩልም ሙከራው ቆየት ያለ ነው። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት ድጋፍ በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) በሬ የሚጎትታቸውን መሣሪያዎችና ጋሪዎች ሲሠራና ሲሞክር ነበር። መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው ዓለም አቀፉ የአፍሪካ እንስሳት ሀብት ማዕከል (ኢልካ) ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በጥማድ በሬ የሚጎተት የአፈር ማፈሻ አስተዋውቋል። ይህ መሣሪያ ጎማ የለውም። ሆኖም እጀታው ከፍ ሲደረግ አፉ መሬት ይነክስና ተገልብጦ አፈሩን ይደፋል። በደጋው አካባቢ ኩሬዎች ተቆፍረውበታል፤ አሠራሩም በ1986 በመመሪያ መልክ ታትሟል። የገልባጭ ጥበብ እንግዳ እንዳልሆነብን ይህ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮም ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል (ሲሚት) ከአገራችን ተቋማት ጋር በእጅ የሚመራውን ባለ ሁለት እግር ትራክተር ሲያስተዋውቅ፣ አብሮት ተሳቢ መጎተት መቻሉ ገበሬው ከወደደለት ነገር አንዱ ነበር።

ሚዛኑ ላይ ነው ቁም ነገሩ

ውድ አባላት፣ ገልባጭ ተሳቢ ለማሠራት የሚያስብ ማህበር ቢኖር ከታሪኩ የሚወሰዱ ጥቂት ቁም ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ሳጥኑ የሚዞርበት ማጠፊያ የጭነቱ መሐል ካለበት ቦታ ጥቂት ወደ ኋላ መሆን አለበት። እንዲህ ሲሆን ሳጥኑ በጉዞ ላይ ረግቶ ይቀመጣል፤ መያዣው ሲለቀቅም አንድ ሰው በቀላሉ ያነሳዋል። ማጠፊያው ወደ ፊት ከመጣ ሳጥኑ ያልታሰበበት ቦታ ይገለበጣል። በጣም ወደ ኋላ ከሄደ ደግሞ ያለ ክሪክ አይነሳም።

ሁለተኛ፣ ከጠቅላላው ክብደት አንድ አሥረኛው ያህል በመጎተቻው ላይ ሊያርፍ ይገባል። ሦስት ኩንታል ከተጫነ 30 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ይህ የሞተር ተሳቢ ልክ ነው። ለአህያና ለፈረስ ጋሪ ግን ክብደቱ ጀርባቸው ላይ እንዳይወድቅ ጭነቱን ይበልጥ ወደ አክስሉ ማስጠጋት ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ሳጥኑ በፍግ ልክ ተሠርቶ በአሸዋ እንዳይሞላ። 1 ሜትር ከ20 ርዝመት፣ 1 ሜትር ስፋትና 40 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ሳጥን ጠፈፍ ያለ ፍግ ሲሞላ ሦስት ኩንታል ገደማ ይይዛል። ያው ሳጥን እርጥብ አሸዋ ሲሞላ ከስምንት ኩንታል ያልፋል። አክስሉ ቢችለው እንኳ ቁልቁለት ላይ የትንሽ ሞተር ፍሬን አይችለውም።

አራተኛ፣ ተዳፋት ላይ ቆሞ መገልበጥ አይገባም። ጭነቱ ወደ ኋላ ሲንሸራተት መጎተቻውን ወደ ላይ ያነሳዋልና ጎታቹ ሚዛኑን ይስታል። በተነሳ ሳጥን ሥር መግባትም ሆነ ሰው በተሳቢ ላይ መጫን ለአደጋ ይዳርጋል።

ሸክሙና ጌጡ

አሁን ወደ መነሻችን እንመለስ። 50 ኩንታል ፍግ በአህያ ጀርባ 100 ምልልስ ነው ብለናል። ሦስት ኩንታል በሚይዝ ገልባጭ ግን 17 ምልልስ ነው። ሆኖም ፍግ በዓመት ውስጥ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚወጣ በመሆኑ አንድ አባወራ ለብቻው ተሳቢ ቢያሠራ ዓመቱን ሙሉ ደጁ ቆሞ ይዝግበታል። ለአንዱ ሸክም የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። አንድ መሠረታዊ ማህበር አሠርቶ በተራ ቢያከራይ ግን በበጋ ፍግና ድንጋይ፣ በመኸር ነዶና እህል፣ በሌላው ጊዜ ዘርና ማዳበሪያ ያመላልሳል። የኅብረት ሥራ ማህበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 እና እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 985/2009 አባላት ለብቻቸው የማይችሉትን በጋራ እንዲያደርጉ የፈቀዱት ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ጭምር ነው።

በየደረጃው ያላችሁ ኃላፊዎችም ልብ እንድትሉልን የምንጠይቀው አለ። ከሴባስቶፖል ዘመን ጀምሮ ጋሪን የሚያቆመው የመንገድ እጦት ነው። ከመጋዘን እስከ ከተማ ስላለው መንገድ ብዙ ተሠርቷል፣ ብዙም ተነግሯል። ከጓሮ እስከ ማሳ ያለችው አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ግን ዛሬም በእናቶች ጀርባ ላይ ናት። ይህች መንገድ ለጋሪ ጎማ እንድትበቃ ሆና ብትጠረግ፣ ሩቁ ማሳችንም እንደ ጓሮው ይወፍራል።