መስመርና ጥላ፦ ቀለም መለየት ያልቻለው ሠዓሊ ሻርል ሜሪዮን

ቀለማትን አስተካክሎ መለየት የማይችል ወጣት ሠዓሊ ሊሆን ይችላልን? ይህ ጥያቄ ለሥነ ጥበብ መምህራን ብቻ የሚተው አይደለም። ዐይን መርምሮ ውጤቱን ለተማሪው የሚነግረው የጤና ባለሙያ ስለሆነ፣ መልሱ በከፊል በባለሙያው አንደበት ላይ ያረፈ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት በፈረንሳይ የኖረው የሻርል ሜሪዮን ታሪክ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው ትምህርት አለውና ባጭሩ እንመለከተዋለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ስለ ስያሜው ጥቂት ማለት ይገባል። በተለምዶ «የቀለም ዕውርነት» የሚባለው ሁኔታ ስሙ ያሳስታል፤ ከባለቤቶቹ አብዛኞቹ ቀለም ያያሉና። የሚቸገሩት በተለይ ቀይንና አረንጓዴን፣ እንዲሁም ከእነዚህ የሚወጡትን ልዩ ልዩ ቀለማት እርስ በርስ ለመለየት ነው። የዚህ ዓይነቱ ሁኔታ ኤክስ በተባለው ክሮሞዞም አማካይነት ከእናት ወደ ወንድ ልጅ ስለሚተላለፍ፣ በወንዶች ላይ በብዛት ይታያል፤ ከሰሜን አውሮፓ ዘር በሆኑ ሕዝቦች ዘንድ ከ12 ወንዶች አንዱን፣ ከ200 ሴቶች ደግሞ አንዷን ያህል ያገኛል።

ሁኔታውን ከራሱ ሕይወት ተነሥቶ በሳይንሳዊ መንገድ የገለጸው ታዋቂው እንግሊዛዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ጆን ዳልተን ነው። ዳልተን በ1794 ማንችስተር ውስጥ ባሰማው ንግግር፣ የችግሩ ምክንያት በዐይኑ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሰማያዊ መሆኑ ነው የሚል ግምቱን አቀረበ። ግምቱ ከሞቱ በኋላ እንዲጣራም ዐይኖቹን ለምርመራ ተናዘዘ። በ1844 ሲሞት ዐይኑ ተከፍቶ ቢታይ ፈሳሹ ጥርት ያለ ሆኖ ተገኘ። ተጠብቆ ከቆየው የዐይኑ ክፍል በ1995 የተደረገው የዘረመል ምርመራም ለአረንጓዴ ብርሃን የሚያገለግለው የማየት ቅመም እንዳልነበረው አረጋገጠ።

ሻርል ሜሪዮን በ1821 ፓሪስ ተወለደ። አባቱ እንግሊዛዊ ሐኪም፣ እናቱ ደግሞ የፓሪስ ኦፔራ ተወዛዋዥ ነበሩ። በ1837 ብሬስት በሚገኘው የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ገብቶ መኮንን ሆነ፤ ከ1842 እስከ 1846ም «ራይን» በተባለች የጦር መርከብ እስከ ኒውዚላንድ ድረስ ተጓዘ። በጉዞው ያያቸውን ዳርቻዎችና መርከቦች በእርሳስ ይነድፍ ስለ ነበር፣ ከተመለሰ በኋላ የባሕር ኃይሉን ትቶ ሠዓሊ ለመሆን ቆረጠ። በዚያ ዘመን ትልቅ ሠዓሊ የሚባለው በዘይት ቀለም ሰፋፊ የታሪክ ሥዕሎችን የሚሠራ ነበርና የሜሪዮንም ምኞት ይኸው ነበር። ይሁን እንጂ ሥዕል በመማር ላይ ሳለ ቀለማትን እንደ ሌሎች ሰዎች መለየት እንደማይችል ተረዳ። ዕድሜው ወደ 26 ዓመት ገደማ ደርሷል፤ የቀድሞ ሥራውን ትቷል፤ የተመኘው በር ደግሞ ተዘጋበት።

ሜሪዮን ግን ሥዕልን አልተወም፤ የተወው ቀለምን ብቻ ነው። ዩዤን ብሌሪ ከተባለ የኅትመት ሥዕል ባለሙያ ዘንድ ገብቶ በመዳብ ላይ መሥራት ተማረ። በዚህ ጥበብ ሠዓሊው የመዳብ ዝርግ በሰም መሰል ነገር ይቀባል፤ ቀጥሎም ቅቡን በመርፌ እየጫረ ይሥላል። ዝርጉ አሲድ ውስጥ ሲነከር አሲዱ የተጫረውን ቦታ ብቻ ይበላዋል። ከዚያም በተቦረቦረው መስመር ውስጥ ጥቁር ቀለም ተሞልቶ በወረቀት ላይ ይታተማል። እዚህ ላይ ቀይና አረንጓዴ አያስፈልጉም። የሚያስፈልጉት የመስመር ጥራት፣ የብርሃንና የጥላ ሚዛን፣ የቅርጽ አስተውሎት ናቸው። ቀለም መለየት የማይችል ሰው ዘወትር የሚመራው በእነዚሁ ነው፤ ነገሮችን በቅርጻቸውና በብርሃን መጠናቸው ይለያልና።

ሜሪዮን ከ1850 እስከ 1854 ባሉት ዓመታት ያዘጋጃቸው የፓሪስ ኅትመቶች ስሙን አስጠሩት። በ1853 ኦስማን የተባለው ሹም በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ አሮጌዪቱን ከተማ አፍርሶ እንደ አዲስ መገንባት ሲጀምር፣ ሜሪዮን ጠባብ መንገዶቿን፣ ድልድዮቿንና የኖትር ዳምን ቤተ ክርስቲያን በመዳብ ላይ አሠፈረ። ከእነዚህ መካከል የጤና ባለሙያን በተለይ የሚስበው በ1854 የሠራው «ሬሳ ቤቱ» የተሰኘው ሥዕል ነው። ከሴን ወንዝ የወጣ አስከሬን ሰዎች ተሸክመውት ሲሄዱ፣ አጠገባቸው ሴት ስታለቅስ፣ ከላይ ደግሞ ሕዝብ ተደግፎ ሲመለከት ያሳያል። ታላቁ ባለቅኔ ሻርል ቦድሌር በ1859 ባወጣው የሥነ ጥበብ ግምገማ ሜሪዮንን አወድሶታል፤ ቪክቶር ሁጎም ሥራዎቹን አድንቋል።

የሕይወቱ ፍጻሜ አሳዛኝ ነበር። ሜሪዮን በከባድ የአእምሮ ሕመም ተይዞ በ1858 ሻራንቶን ወደተባለው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገባ፤ በ1866 እንደገና ተመልሶ በ1868 እዚያው ዐረፈ። ይህ ሕመም ከቀለም ዕይታው ጋር ሊምታታ አይገባም፤ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እንዲሁም የዕይታ ጉድለቱ ሊቅ አደረገው ማለት ስሕተት ይሆናል። ለታላቅነት ያበቃው የማይችለውን በጊዜ ዐውቆ በሚችለው ላይ መትጋቱ ነው።

ሜሪዮን ጉድለቱን ሲረዳ የተደራጀ የቀለም ዕይታ ምርመራ ገና አልነበረም። ምርመራው የተስፋፋው በ1875 ላገርሉንዳ በተባለ የስዊድን ስፍራ ሁለት ባቡሮች ከተጋጩ በኋላ ሲሆን፣ ሆልምግረን የተባለው የፊዚዮሎጂ ሊቅ የአደጋውን ምክንያት ከቀለም ዕውርነት ጋር አያይዞ የባቡር ሠራተኞች በባለ ቀለም የሱፍ ክሮች እንዲፈተኑ አደረገ። ዛሬም በብዙ ክሊኒኮች የምንጠቀምበትን ባለ ነጠብጣብ ሰሌዳ ጃፓናዊው ሐኪም ሺኖቡ ኢሺሃራ በ1917 አሳተመ። ስለዚህ ፈተናው ሲስፋፋ ዓላማው የማይመጥነውን ከሥራ ለመለየት ነበር። ለሕዝብ ደኅንነት ይህ ተገቢ ቢሆንም፣ ተፈታኙ ምን እንደሚችል ግን አይነግረንም። በ1992 የታተመ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ጥናት ቀይና አረንጓዴ የማይለዩ ሰዎች፣ የቀለም ዝብርቅርቅ ሌሎችን በሚያሳስትበት ሰሌዳ ላይ የተሰወረውን ቅርጽ ለይተው እንዳገኙት አሳይቷል። ጉድለት ብለን የምንጠራው ነገር በአንዳንድ ሁኔታ ብልጫ ይሆናል ማለት ነው።

ከዚህ ታሪክ ለዕለት ሥራችን የሚጠቅሙ ሁለት ቁም ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛው፣ ከልደት ጀምሮ የነበረውን ኋላ ከመጣው መለየት ነው። በዘር የሚተላለፈው በሁለቱም ዐይኖች ላይ ያለና ሳይለወጥ የሚኖር ነው። ቀለም መለየት ያቃተው ሰው ችግሩ በቅርቡ የጀመረው ከሆነ፣ በአንድ ዐይኑ ብቻ ከሆነ ወይም ለሳንባ ነቀርሳ ኢታምቡቶል የሚወስድ ከሆነ ግን ጉዳዩ የማየት ነርቭን የሚመለከት ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገይ መመርመር አለበት።

ሁለተኛው ከምርመራው በኋላ የሚነገረውን ቃል ይመለከታል። ቅጠሉን በቡናማ የቀባ ተማሪ ሰነፍ ወይም ግዴለሽ ተብሎ ሲገሠጽ ሊኖር ይችላል፤ ውጤቱን ማወቁ ብቻውን ከዚህ ነቀፌታ ያድነዋል። ሆኖም «ይህን ቀለም አትለይም» ብለን ካሰናበትነው ሥራችንን በግማሽ ትተነዋል። የቀለም ዕቃዎቹ ስማቸው እንዲጻፍባቸው፣ መምህሩ በቀለም ብቻ እንዳያስረዳው፣ በእርሳስ፣ በከሰልና በኅትመት ሊሠራ እንደሚችል አብረን ብንነግረው፣ የማይችለው ነገር መታወቁ የሚችለውን ለመፈለግ መነሻ ይሆነዋል። ሜሪዮን ይህን የሚነግረው ባለሙያ ሳያገኝ በራሱ ደረሰበት፤ ዛሬ በፊታችን የሚቀመጠው ተማሪ ግን ብቻውን እንዲፈልግ መተው የለበትም።