የጫካው ጅብና የሐሜቱ ጅብ

በእንጦጦ ግርጌ፣ በቁስቋምና በአካባቢው መንደሮች፣ ፀሐይ ጠልቃ የባሕር ዛፉ ጥላ ከሸለቆው ጋር ሲዋሐድ አንድ የቆየ ድምፅ ከዳገቱ ይሰማል። ጅብ ነው። ውሻው ይጮኻል፤ ባለ አህያው የበረቱን በር ይፈትሻል፤ እናት ልጇን ወደ ቤት ትጠራለች። ይህ የምሽት ልማድ የከተማይቱን ያህል ዕድሜ አለው። ስለሆነም የአዲስ አበባ ታሪክ ሲጻፍ ስለ ቤተ መንግሥቱ፣ ስለ ባቡሩና ስለ ገበያው ብቻ ሳይሆን፣ ሕዝቡ ከዚህ የሌሊት ጎረቤቱ ጋር ስላሳለፈው ኑሮም መጻፍ ይገባዋል።

ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ከመቆርቆሯ በፊት ንጉሥ ምኒልክ ከነሠራዊታቸው በእንጦጦ አናት ከትመው ነበር። ሠራዊት ባለበት ፍሪዳ ይጣላል፤ ፍሪዳ በሚጣልበትም ጅብ አይጠፋም። የጽዳት ሠራተኛ ባልነበረበት በዚያ ዘመን የእርዱን ትራፊና የሞተውን የጋማ ከብት ሌሊት ጠራርጎ የሚያነጋው ይኸው አውሬ ነበር። ሕዝቡ ግን ለውለታው ምስጋና አልሰጠውም። በተረቱ ውስጥ «አያ ጅቦ» ሆዳምና ሞኝ ሆኖ ይታያል፤ በምሳሌያዊ አነጋገሩም በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ የሚል ግብዝ ነው። ሰው ቀን በሳቀበት አውሬ ሌሊት ሲርድ ኖሯል።

ይህን ፍርሃት ያከረረው ክፉ ቀን ነው። በ1880 ዓ.ም. በምፅዋ በኩል የገባው የከብት ወረርሽኝ የገበሬውን በሬ ፈጀ፤ ድርቁ፣ አንበጣውና በሽታው ተከታተሉ። በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም የንግሥ በዓል በተከበረበት ወቅት አገሩ በረሃብ ውስጥ ነበር። ቀባሪ በጠፋበት በዚያ ዘመን ጅብ ሬሳውን አልፎ፣ በጠራራ ፀሐይ የደከመውን ሰው እስከ መድፈር መድረሱን የዘመኑ ምስክሮች ጽፈዋል። ረሃቡን ያመጣው ጅብ አልነበረም፤ ነገር ግን የረሃቡ መልክ ሆኖ በሕዝቡ ትዝታ ውስጥ ቀረ።

ከዚህ ከጫካው ጅብ ይልቅ ሰውን የጎዳው ግን ሌላ ጅብ ነው፤ ይኸውም በሐሜት የተፈጠረው ጅብ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ ቆዳ የሚያለፋው ሁሉ «ቡዳ ነው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል» ይባል ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ ናታንኤል ፒርስ፣ በጅብ ጆሮ ላይ ጉትቻ ተገኘ የሚለውን ወሬ ሳይቀር መዝግቦታል። የዚህ ወሬ ጠባሳ ለጉለሌ ቅርብ ነው። የሸማኔው የጉለሌ መንደሮች፣ የሸክላ ሠሪዎቹና የቀጥቃጮቹ ቀጨኔ፣ ሁሉም በዚያው በእንጦጦ ግርጌ ይገኛሉ። ከተማይቱ በእነዚህ ሰዎች ጋቢ ለብሳ፣ በእነዚህ ሰዎች ድስት ወጧን ሠርታ፣ እንጀራዋን በእነዚህ ሰዎች ምጣድ ጋግራ ስታበቃ፣ ሠሪዎቹን ግን ለጋብቻና ለማዕድ ተጸየፈቻቸው።

ነገሩ የአጉል እምነት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። በብዙ አገር የእጅ ባለሙያው ርስት አልነበረውም፤ «ጅብ» የተባለን ሰው ከመሬትና ከዝምድና ማራቅም ቀላል ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያውን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ ደግሞ የርስቱ አጥር ሕጋዊ መሠረቱን አጣ። ይሁን እንጂ አዋጅ መሬትን በአንድ ቀን ሊያከፋፍል ቢችልም ሐሜትን በአንድ ቀን አይነቅልም።

የጫካው ጅብ በበኩሉ ስሙ የሚገባውን ያህል አልተመረመረም ነበር። እንስቷ ከተባዕቱ ትገዝፋለች፤ መንጋውንም የምትመራው እርሷ ናት። ሬሳ ለቃሚ ብቻም አይደለም፤ ሃንስ ክሩክ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው ጥናት የታንዛኒያ ጅቦች ብርቱ አዳኞች መሆናቸውን አሳይቷል። በአገራችንም በትግራይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ጅቡ ከሰው ኑሮ ጋር ምን ያህል እንደ ተሳሰረ ገልጿል። ከተመረመረው የጅብ ዐይነ ምድር የአህያ ፀጉር የተገኘበት ከዐቢይ ጾም በፊት 14.8 በመቶ ሲሆን፣ በጾሙ ጊዜ ወደ 33.1 በመቶ ከፍ ብሏል። ሰው ከሥጋ ሲታቀብ የእርዱ ትራፊ ይጠፋል፤ የሰውን ጾም በአህያዋ የሚከፍለው ድኻው ነው ማለት ነው። በመቀሌ ዙሪያ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ጅቦቹ በዓመት 207 ቶን ያህል የእንስሳት ሬሳ እንደሚያስወግዱና እንደ አባ ሰንጋ ያለውን በሽታ እንደሚቀንሱ አስልቷል።

ይህን ውለታ ሐረር ቀድማ አውቃዋለች። በጀጎል ግንብ ላይ ጅብ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ ሌሊት ገብቶ ቆሻሻውን ያነሣል፣ ጂኒውንም ያባርራል ተብሎ ይታመናል። በዓሹራ በዓል ገንፎ ይቀርብለታል፤ አበላሉም የመጪው ዓመት ትንቢት ሆኖ ይታያል። ሐረሬው ጅቡን አይፈራውም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ለፍርሃቱ ደንብ አበጅቶለታል።

ሐረር ያበጀችው ደንብ ለእንጦጦ ግርጌ እንዳለ አይሠራም። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተከፍቷል፤ በስተምዕራብም 705 ሄክታር የሚሸፍነው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል አለ። ጫካው ለከተሜው መናፈሻ ሲሆን፣ የጅቡ አደጋ ግን እንደ ቀድሞው በር በሌለው ላይ ይወድቃል፤ ገና ሳይነጋ ለማገዶ ወደ ዳገቱ በምትወጣው ሴት፣ በመንገድ ዳር በሚያድረው ልጅና አንዲት አህያውን በሸራ ሥር በሚያሳድረው ጫኝ ላይ። እነዚህን የሚጠብቃቸው መብራት፣ መጠለያና በወቅቱ የሚነሣ ቆሻሻ እንጂ የጅቡ መጥፋት አይደለም።

ሁለቱን ጅቦች መለየት እንግዲህ የመምህሩም፣ የከያኒውም፣ ሕዝብን የሚያስተባብረውም ሰው ሥራ ነው። የጫካው ጅብ በአጥርና በመብራት ይገደባል፤ ከእርሱ ጋር መኖር ይቻላል። የሐሜቱ ጅብ ግን በሰው አፍ ይኖራልና፣ በመድረክም ሆነ በክፍል ውስጥ ተረቱ በተነገረ ቁጥር የቀጨኔዋ ሸክላ ሠሪ ልጅ ከአድማጮቹ መካከል ተቀምጣ እንደምትሰማ ማስታወስ ያስፈልጋል።