ፈላጊውና መዝገቡ

ስለ መዝገብ አያያዝ ሲነገር ብዙ ሰው ነገሩ የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ጉዳይ ብቻ ይመስለዋል። ዳሩ ግን በመደርደሪያ ላይ መቀመጥና መገኘት አንድ እንዳልሆኑ፥ ጠፋ የተባለ ፋይል ሳምንት ሙሉ ሲፈለግ ቈይቶ በሌላ ስም ተጽፎ የተገኘበትን ቀን የሚያስታውስ ባለ ሥልጣን ሁሉ ያውቀዋል። ዛሬ በኮምፒዩተር ውስጥ የተከማቸውን ፊልምና ቪዲዮ ለማውጣት የሚደክም ተማሪ የሚገጥመው ችግር ከዚሁ የተለየ አይደለም። ፈላጊው የሚጽፈው ቃልና መዝጋቢው የጻፈው ቃል ካልተገናኙ፥ ፊልሙ በእጅ እያለ እንደሌለ ይቈጠራል። የዚህን ችግር ታሪክ ባጭሩ ለመመልከት አስባለሁ፤ ዓመቶቹንም፥ ካላመለከትሁ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ።

ክርክሩ የበረታው በመጀመሪያ በመጻሕፍት ላይ ነበር። በፖለቲካ ምክንያት ከኢጣልያ ተሰድዶ ወደ እንግሊዝ አገር የገባው አንቶኒዮ ፓኒዚ በ1837 በብሪቲሽ ሙዚየም የታተሙ መጻሕፍት ክፍል ኀላፊ ሆኖ ተሾመ። እርሱና ረዳቶቹ ያዘጋጁት 91 አንቀጽ ያለው የመዝገብ ደንብም በ1841 ታተመ። ከለንደን ሊቃውንት ብዙዎቹ ይህን ሁሉ ደንብ እንደ ከንቱ ድካም ቈጠሩት፤ የመጽሐፉን የፊት ገጽ እንዳለ መገልበጥ ይበቃል አሉ። ነገሩ እየከረረ ሄዶ ከ1847 እስከ 1849 ድረስ መንግሥት ያቋቋመው ኮሚሲዮን መረመረው። የኮሚሲዮኑ ጸሐፊ የነበረው ጆን ፔይን ኮሊየር፥ የሥራውን ቀላልነት ለማሳየት ሲል፥ ከራሱ ቤት 25 መጻሕፍት አንሥቶ በአንድ ሰዓት ያህል ጊዜ መዝግቦ አቀረበ። የፓኒዚ ረዳት ጆን ዊንተር ጆንስ ግን ያንን ዝርዝር አንድ በአንድ ሲመረምር ብዙ ዓይነት ስሕተት አወጣበት። ኮሊየር የተማረና መጽሐፍ ወዳድ ሰው ነበረ፤ የጐደለው እውቀት ሳይሆን ደንብ ነው። አንድ ሰው ለራሱ ሲመዘግብ ራሱን ብቻ ያስባል፤ ሌላው ሰው ነገ በምን ስም እንደሚጠይቅ አያስብም። በ1876 አሜሪካዊው ቻርልስ ኤሚ ከተር ይህንኑ ሐሳብ በግልጥ አስቀመጠው፤ ይኸውም ካታሎግ የሚሠራው፥ ከደራሲው ስም ወይም ከርእሱ ወይም ከጉዳዩ አንዱን ብቻ የሚያውቅ ሰው መጽሐፉን ማግኘት እንዲችል ነው የሚል ነበር።

ሲኒማ በመጣ ጊዜ ግን መዝጋቢዎቹ የሚገለብጡት የፊት ገጽ እንኳ አላገኙም። በጥር ወር 1894 በቶማስ ኤዲሶን የሥራ ቦታ ፍሬድ ኦት የተባለ ሠራተኛ ሲያስነጥስ የሚያሳይ ጥቂት ሴኮንድ የሚፈጅ ፊልም ተነሣ። በዚያን ዘመን የአሜሪካ የባለመብትነት ሕግ ፊልም የሚባል ነገር ስለማያውቅ፥ ሥዕሎቹ በወረቀት ታትመው እንደ ፎቶግራፍ ወደ ኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት ገቡ። የተመዘገበበት ርእስ «የኤዲሶን የኪኔቶስኮፕ የማስነጠስ መዝገብ፥ ጃኑዋሪ 7 ቀን 1894» የሚል ነው። ሕዝቡ ግን ፊልሙን የሚያውቀው «የፍሬድ ኦት ማስነጠስ» በሚል ስም ነው። እንግዲህ መዝገቡ የያዘው ርእስ ብቻ ቢሆን ኖሮ፥ በሰውየው ስም የሚጠይቅ ፈላጊ ባዶ እጁን ይመለስ ነበር። ፊልም በሕጉ የራሱን ስፍራ እስካገኘበት እስከ 1912 ድረስ ብዙ ፊልሞች በወረቀት እየታተሙ በዚያው ተከማቹ። ለብዙ ዓመት ተረስተው ከቈዩ በኋላ፥ ኬምፕ ናይቨር በ1950ዎቹ ዓመታት ወደ ፊልም መልሶ ሲያነሣቸው ሦስት ሺህ ያህል ሆኑ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ዋናው ፊልም የተቃጠለ ወይም የበሰበሰ ነው።

ርእሱ ትክክል ሆኖ ሳለም መገናኘት ሊቀር ይችላል። የፍሪትስ ላንግ «ሜትሮፖሊስ» በጥር 1927 በበርሊን ከታየ በኋላ ብዙ ክፍሉ ተቈርጦ ወጣ፤ የተቈረጠውም ለዘላለም ጠፋ ተብሎ ተለቀሰለት። በ2008 ግን ሙሉው ሊባል የሚችል ቅጂ በቦነስ አይረስ የሲኒማ ሙዚየም ተገኘ። የሚያስገርመው ቅጂው በሌላ ስም ተሰውሮ አልነበረም፤ በስሙ ተቀምጦ ነበር። በስም ብቻ ለጠየቀ ሁሉ በየአገሩ ካለው አጭር ቅጂ የማይለይ መሰለ። ለመገኘቱ መንገድ የከፈተው የአንድ የፊልም ክበብ መሪ ጨዋታ ነው፤ ሰውየው ስለ ቀድሞ ትርኢት ሲያወራ ፊልሙ ከሁለት ሰዓት በላይ እንደ ወሰደበት ተናገረ። ይህን የሰማው ተመራማሪ ፈርናንዶ ፔኛ ርዝመቱ ከታወቀው ቅጂ ጋራ አለመስማማቱን ልብ አለ። በመዝገቡ ላይ «ይህን ያህል ደቂቃ» የምትል አንዲት መስመር በትክክል ተጽፋ፥ ጠያቂውም ደቂቃውን ጨምሮ ቢጠይቅ ኖሮ፥ የዓለም የፊልም ሊቃውንት ያን ያህል ዘመን ባልጠበቁ ነበር። የታደሰው ፊልም በ2010 በበርሊን ታየ።

ኮምፒዩተር ከመጣ ወዲህ ሸክሙ ወደ ፈላጊው ትከሻ ዞረ። የቀድሞው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ «ምናልባት እገሌን ማለትዎ ይሆን?» ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ መሣሪያው ግን የተጻፈለትን ፊደል ብቻ ያነጻጽራል። ዛሬ በቤቱ የቪዲዮ ስብስብ ያለው ሰው ፕሮግራሙ የፋይሉን ስም አንብቦ ያንኑ ወደ ሩቅ መዝገብ እንዲልክ ያደርጋል። በስሙ ላይ የጥራት ምልክትና የቀጂው ስም ተለጥፎ ከተላከ መልስ አይመጣም፤ ርእሱ ብቻ ከነዓመቱ ሲላክ ግን ይመጣል። ዓመቱ ትርፍ ነገር አይደለም፤ «ኪንግ ኮንግ» ቢባል የ1933፥ የ1976 ወይስ የ2005? በተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ደግሞ የክፍሉ ቍጥር ራሱ ያታልላል። በ2002 የታየው «ፋየርፍላይ» የተባለው ድራማ መክፈቻ እንዲሆን የተሠራው ክፍል በቴሌቪዥን የቀረበው በመጨረሻ፥ በታኅሣሥ ወር ስለ ነበረ፥ የሥርጭቱ ቍጥርና የዲስኩ ቍጥር አይስማሙም።

የፊደል መለያየትን ለማሸነፍ የተሞከረው ግን ከኮምፒዩተር በፊት ነው። በ1918 ሮበርት ራስል የተባለ አሜሪካዊ ስሞችን በአጻጻፋቸው ሳይሆን በድምፃቸው የሚመድብ ዘዴ አስመዘገበ፤ ይህም በኋላ ሳውንዴክስ ተባለ። የመጀመሪያው ፊደል ይቀራል፥ የቀሩት ተነባቢዎች እንደ ድምፃቸው ቍጥር ይሰጣቸዋል፤ ስለዚህ «ስሚዝ» የሚለው ስም በእንግሊዝኛ በሁለት ዓይነት ቢጻፍም ሁለቱም ኤስ 530 ይሆናሉ። በ1965 ደግሞ ሩሲያዊው ቭላዲሚር ሌቨንሽቴይን አንዱን ቃል ወደ ሌላው ለመለወጥ ስንት ፊደል መነካት እንዳለበት የሚለካ ስሌት አወጣ።

ይህ ሁሉ እኛን በቅርብ ይነካናል። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ከተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሠንጠረዥ ሲገባ ሀ፥ ሐና ኀ ለየራሳቸው ቍጥር ተሰጣቸው፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን መሣሪያው የቍጥሩን እንጂ የድምፁን አንድነት አያውቅም። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ብንወስድ፥ ለመጀመሪያው ድምፅ ሁለት፥ ለሁለተኛው ስድስት ፊደል ስላለ ቃሉ በ12 ዓይነት ሊጻፍ ይችላል፤ በአንዱ የጠየቀ የአሥራ አንዱን መዝገብ አያይም። የሌቨንሽቴይንም ስሌት ሰን ወደ ሠ መለወጥንና ሰን ወደ በ መለወጥን እኩል ስሕተት አድርጎ ይቈጥራቸዋል።

አንዳንዶች በዚህ ምክንያት ሞክሼ ፊደሎች ከመዝገብ ይውጡ ይላሉ። በእኔ አስተያየት ይህ መድኀኒቱ ከበሽታው የባሰ ነው፤ በግዕዝ ሠረቀ ወጣ፥ ሰረቀ ደግሞ ሌባ ያደረገውን ማለት መሆኑን የሚያውቅ ሰው ይህን በቀላሉ አይቀበልም። ደራሲው የጻፈው ርእስ እንዳለ ይታይ፤ በስተ ጀርባ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ መስመር ይኑር፤ በዚያም ሞክሼዎቹ ወደ አንድ ይመለሱ። ፈላጊውም የሚጽፈው ቃል ሳያውቀው በዚያው መንገድ ይለወጥለት። በፊደል የሚገጥመው መልስ ይቅደም፥ በድምፅ የሚገጥመው ይከተል።

ፊደል ብቻም አይደለም። የኃይሌ ገሪማ የ1976 ፊልም «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በቃል፥ በ3000 ወይም በ፴፻ ሊጠየቅ ይችላል፤ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም የሚያስቀድም የውጭ መዝገብም አዘጋጁን «ገሪማ፥ ኃይሌ» ብሎ ያስቀምጠዋል። የመጀመሪያው የአማርኛ ረዥም ፊልም የሚባለው «ሂሩት አባቷ ማን ነው» በኢትዮጵያ አቈጣጠር የ1957 ዓ.ም. ሥራ ነው፤ ያ ዓመት ግን በአውሮፓውያን ከ1964 መስከረም ተነሥቶ እስከ 1965 ይዘልቃልና ፈላጊው የትኛውን ይጻፍ? ደግሞም «ማነው» ተብሎ በአንድ ቃል፥ «ማን ነው» ተብሎ በሁለት ቃል ይጻፋል። የዚህን ፊልም መዝገብ የሚሠራ ሰው ሁለቱንም አጻጻፍ፥ ሁለቱንም የዘመን አቈጣጠር፥ በላቲን ፊደል የሚጻፍበትንም ስም በየራሱ መስመር ቢያሰፍር፥ የሚፈጅበት አሥር ደቂቃ አይሞላም።