«ቅይጥ እውነታ» የሚሉት ምኑ ነው የተቀየጠው?

«ቅይጥ እውነታ» የሚል ሐረግ ከሥልጠና ማስታወቂያ ወደ ዜና፣ ከዜና ወደ ባለሙያ አፍ እየተዛመተ ነው። አንዳንዱ ደግሞ «የተቀላቀለ እውነታ» ይለዋል፤ ይህኛው ይብሳል። «የተቀላቀለ» ሲባል ጆሯችን ቀድሞ የሚጠብቀው «ባዕድ ነገር» የሚለውን ነው፤ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት በርበሬ፣ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ቅቤ። እውነት ውስጥ ባዕድ ነገር ከገባበት ግን አዲስ ስም አይፈልግም። ውሸት እንለዋለን።

እንግሊዝኛው «ሚክስድ ሪያሊቲ» ነው። ነገሩን ብዙ ሰው በወሬም ቢሆን ያውቀዋል፤ መሐንዲሱ በኮምፒውተር የነደፈውን ሕንፃ ወይም ማሽን መነጽር አጥልቆ፣ ሊሠራበት በታሰበው ቦታ ቆሞ፣ በሙሉ ቁመናው ያየዋል። ወረቀት ላይ በ1፡100 የተሣለው ቧንቧ እዚህ 1፡1 ሆኖ ጣሪያው ሥር ተዘርግቶ ይታያል። ማይክሮሶፍት የመጀመሪያውን ሆሎሌንስ እ.ኤ.አ. በ2016 ለሶፍትዌር ሠሪዎች በ3,000 ዶላር አቀረበ፤ ትሪምብል የተባለው ኩባንያ ደግሞ ሁለተኛውን ሆሎሌንስ ከግንባታ ሄልሜት ጋር አዋድዶ ለሳይት ሠራተኛ እንዲሆን አደረገው። ማይክሮሶፍት በ2024 ማምረቱን አቁሟል፤ አሁን የሚወራው ስለ ሜታ ኩዌስት 3 እና ስለ አፕል ቪዥን ፕሮ ነው። ስለ ዕቃው ይህ ይበቃል፤ ጭቅጭቄ ከስሙ ጋር ነው።

ስሙን ያስፋፉት ፖል ሚልግራም እና ፉሚዮ ኪሺኖ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጽሑፍ ነው። አንድ መስመር አሰቡ፤ በአንዱ ጫፍ በዓይናችን የምናየው ዓለም፣ በሌላው ጫፍ ከላይ እስከ ታች ኮምፒውተር የሠራው ዓለም። በሁለቱ መካከል ያለውን ሁሉ «ሚክስድ» አሉት። ቃሉ እነሱ ዘንድ የአንድ ሰፊ መደብ መጠሪያ ነበር፤ መሐንዲሱ መነጽሩን አጥልቆ ምን እንደሚያይ ሊነግረን የተፈጠረ አልነበረም። እኛ ግን ቃሉን እንዳለ አንስተን፣ አማርኛ ልብስ አልብሰን፣ የሚያየውን ነገር የሚገልጽ አስመሰልነው።

የሚያየው ደግሞ የተቀየጠ አይደለም። ቀየጠ ስንል ስንዴና ገብሱን አንድ ላይ አፍስሰን ዳግም ለመለየት እንቸገራለን ማለት ነው። (ነጭና ቀይ ጤፍ ሲደባለቅ «ሰርገኛ» የሚል ውብ ስም አለው፤ «ሰርገኛ እውነታ» ያለ ሰው ባለመኖሩ ግን ፈጣሪ ይመስገን።) ሳይት ላይ መነጽሩ የሚጠቅመው ሁለቱ ስለማይቀየጡ ነው። የአየር ማስተላለፊያው ቱቦ በንድፉ የሚያልፍበት ቦታና አርማታው ውስጥ የተተወለት ቀዳዳ አምስት ሴንቲሜትር ከተላለፉ፣ ያቺ አምስት ሴንቲሜትር መታየት አለባት። ንድፉ ከግድግዳው ጋር ተቀይጦ አንድ ቢሆንማ ስህተቱን ማን ያየዋል? በዚያ ላይ «ቅይጥ» የራሱ ታሪክ አለው፤ 1982 ዓ.ም.ን የሚያስታውስ ሰው ቃሉን ሲሰማ የሚመጣለት ቅይጥ ኢኮኖሚ ነው።

የኔ ምርጫ «ድርብ» ነው። ጋቢ የደረበ ሰው ከሥር ሸሚዙን አላወለቀም፤ ላዩም ታቹም እንዳለ አለ። «ደርብ» የሚለው የቤት ቃልም የዚሁ ሥር ነው፤ ፎቅ የሚለው ከተማውን ሳይወርስ በፊት ባለ ደርብ ቤት እንል ነበር። ለግንባታ ሰው ከዚህ የቀረበ ቃል ከየት ይመጣል? ግሱም ታዛዥ ነው። ፎርማኑ ለመሐንዲሱ «ሞዴሉን ደርበው ይዩት እስቲ» ቢላቸው ማንም አይስቅም። «ቀይጠው ይዩት» ይበላቸውና እንስማ።

«እውነታ» በሚለው ላይም ቅሬታ አለኝ። እውነታ የነገር፣ የክርክር፣ የማስረጃ ቃል ነው፤ ተቃራኒው ሐሰት ነው። እዚህ የተፈለገው ከሐሰት የሚለይ ነገር አይደለም፣ በዓይን የሚታየውና በእጅ የሚዳሰሰው ዓለም ነው። «እውን» ይሻላል የሚሉ አሉ፤ «በሕልሜ ነው በእውኔ» እንላለንና ሐሳባቸው አይናቅም። ግን ዕቅድና ተስፋ ወስደውታል፤ «እውን ሆነ» ስንል ያልነበረው ተፈጸመ ማለታችን ነው። ለዚህ ሥራ የተሰናዳልን ቃል «ገሃድ» ነው። የሥነ ጽሑፍ ሐያስያን የልቦለዱን ዓለም ከ«ገሃዱ ዓለም» ሲለዩበት ኖረዋል። ጥምቀት ሲቃረብ የሚጾመው ገሃድም፣ ሕዝቡ ጋድ የሚለው፣ ከመገለጥና ከመታየት የመጣ ስም ነው። ስለዚህ «ድርብ ገሃድ» እላለሁ።

«ሄድሴት» ለሚለው «የራስ ቁር» ያሉም አጋጥመውኛል። የጦር ልብስ ነው፣ ይቅርብን። ሕዝቡ መነጽር ብሎታል፣ ሕዝቡም ልክ ነው። ነጸረ ማለት ተመለከተ ነው፤ «መነጽር»፣ «አንጻር» እና «ማነጻጸር» ከዚሁ ይወለዳሉ። ንድፍን ከተሠራው ጋር የሚያነጻጽር ዕቃ መነጽር ካልተባለ ምን ሊባል ነው! ሞዴልን ግን ሞዴል ብንለው አልቃወምም። የሳይቱ አማርኛ አርማታን፣ ፌሮንና ሶሌታን ከጣሊያንኛ ወስዶ የራሱ አድርጓል፤ የዕቃ ስም ከዕቃው ጋር ሲመጣ ቋንቋ አይጎዳም። ጥንቃቄ የሚያሻው የሁለት ነገር ስም ሲመሳሰል ነው፤ «ቢሙን መነጽር ላይ ጫነው» ሲባል፣ የሕንፃው ሙሉ የኮምፒውተር ሞዴል (BIM) ይሁን ከኮለን ኮለን የተጋደመው አርማታ (beam)፣ ጠይቆ መለየት ግድ ይላል።

«ድርብ ገሃድ» የሚነቀፍበት ቦታ እንዳለ አውቃለሁ። በኩዌስት 3 እና በቪዥን ፕሮ ዓይን የሚያየው ገሃዱን ራሱን አይደለም፤ ካሜራ ቀርጾ በስክሪን የሚያሳየውን ነው። ታዲያ ከሥር ያለው ገሃድ የቱ ነው? ይላሉ። እጅ ይዘርጉና ይሞክሩት፤ አንዱ ይመታዎታል፣ ሌላው ያሳልፍዎታል።

ሌሎች ደግሞ «ኦግመንትድ ሪያሊቲ» የሚባለው ለብቻው ስም ይፈልጋል ይላሉ። ቃሉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከቦይንግ ነው፤ ቶም ኮውዴል እና ዴቪድ ሚዜል የአውሮፕላን ሽቦ የሚዘረጋው ሠራተኛ መመሪያውን ሥራው ላይ ተደርቦ እንዲያይ ሲጥሩ። ያው መደረብ ነው፤ አንድ ስም ይበቃቸዋል። ሻጮቹ ራሳቸው ስሙን አላከበሩትም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2017 «ሚክስድ ሪያሊቲ» ብሎ ያስተዋወቃቸው የሌሎች ኩባንያዎች መነጽሮች ዓይንን ጥርቅም አድርገው የሚሸፍኑ ነበሩ። አፕል ደግሞ ቃሉን ሸሽቶ «ስፔሻል ኮምፒውቲንግ» ይላል። ቦታን፣ ስፋትና ጥልቀትን ለማለት ነው፤ በፊደላችን ሲጻፍ ግን ከስፔሻል ፉል አይለይም። «ልዩ ስሌት» ብሎ የሚተረጉመው ሳይቀድመን አንድ ነገር እንበል።