ከግድቡ በላይ ያለው ተራራ፦ የገራዶና የቦርከና ተዳፋት በውኃ ታሪካችን ውስጥ



ተማሪዎችን ይዤ ግድብ ለመጎብኘት በሄድሁ ቁጥር የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። በተራሮች መካከል የተኛ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ዐይንን ይማርካል፤ ጎብኚውም ፎቶግራፉን አንሥቶ፣ አሐዙን መዝግቦ ይመለሳል። የግድብን ታሪክ ማንበብ የሚሻ ሰው ግን ጀርባውን ለውኃው ሰጥቶ ሽቅብ ወደ ተዳፋቱ መመልከት ይኖርበታል። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

ለዚህ ምልከታ በደሴና በገራዶ መካከል ካለው ከአዝዋ ገደል የተሻለ መቆሚያ አላውቅም። በስተምሥራቅ የደሴን ጎርፍ የሚሰበስበው ቦርከና ኮምቦልቻን አልፎ ወደ አዋሽ ይወርዳል። በስተምዕራብ የገራዶ ውኃ ወደ ዓባይ ተፋሰስ ያመራል። በአንድ የሐምሌ ከሰዓት በዚህ ሸንተረር ላይ የዘነበ ዝናብ እንግዲህ ለሁለት ይከፈላል፤ ከፊሉ በአፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ መድረሻውን ሲያገኝ፣ ከፊሉ ወደ ሜዲትራንያን ባሕር የሚወስደውን ጎዳና ይይዛል። ከዝናቡ ጋር የሚሄደው አፈርም እንዲሁ ነው። አንደኛው በአዋሽ ላይ ወደ ተሠራው ወደ ተንዳሆ ግድብ፣ ሌላው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደ ተመረቀውና 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝ ወደ ታነጸው ወደ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ አቅጣጫ ይጓዛል። ገራዶ ላይ አንድ እርከን ሲፈርስ ጉዳዩ የአንድ ገበሬ ብቻ አይደለም የምለው ስለዚህ ነው።

ወንዝ አፈር የሚሸከመው በፍጥነቱ ነው። ከቆመ ውኃ ጋር ሲገናኝ ጉልበቱ ይደክማል፤ አሸዋውንና ጠጠሩን በሐይቁ መግቢያ ላይ ይጥላል፣ ልሙን ጭቃ ግን እስከ ግድቡ ግንብ ድረስ ይወስደዋል። መሐንዲሶች ይህን ስለሚያውቁ ከሐይቁ ግርጌ ለደለል የሚሆን ቦታ አስቀድመው ይተዋሉ። ችግሩ የሚመጣው ተራራው ከተገመተው በላይ አፈር ሲልክ ነው።

በአገራችን ይህ ደጋግሞ ደርሷል። ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው ቆቃ ከመያዝ ዐቅሙ ከፊሉን በደለል አጥቷል። ለጎንደር ከተማ ውኃ የሚያቀርበው አንገረብም በዚሁ ችግር ተጠቂ ነው። ለእኛ ከሁሉም የሚቀርበው ግን የቦርከና ግድብ ነው። ስለ ኢትዮጵያ ግድቦች ደለል የተጻፉ ጥናቶች ሙሉ በሙሉ በደለል ተሞልተው ከጥቅም ውጭ ከሆኑት መካከል አዘውትረው ይጠቅሱታል። ለውኃ የተሠራውን ቦታ አፈር ወረሰው።

ስለ ተዳፋቱ ዕውቀት ጎድሎን ነበርን? አልነበረም። ከደሴ በስተደቡብ በሚገኘው በማይባር፣ እ.ኤ.አ. በ1981 በግብርና ሚኒስቴርና በስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ትብብር የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሟል። በዚያም ዝናቡ፣ ጎርፉና የሚታጠበው አፈር በየጊዜው ሲለካ ኖሯል። እንዲህ ያሉ ጣቢያዎች ያስተማሩን ዐቢይ ነገር የዓመቱ የአፈር ብክነት አብዛኛው የሚደርሰው በጥቂት ኃይለኛ ዝናቦች መሆኑን ነው፤ ይኸውም ማሳው ታርሶና ለስልሶ፣ ቡቃያው ገና መሬቱን ሳይሸፍን ነው።

የጎደለው ሌላ ነበር። ከ1966ቱ የወሎ ረሀብ በኋላ፣ ይልቁንም በደርግ ዘመን፣ የወሎ ገበሬ በምግብ ለሥራ መርሐ ግብር እጅግ ብዙ እርከን ሠርቷል፤ ተራሮችንም ችግኝ አልብሷል። ይሁን እንጂ ዛፉ የማን እንደሆነ በግልጽ አልተነገረውም። ከላይ የታዘዘውን ደን የመንግሥት ንብረት አድርጎ አየው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ስፍራ ደኑ ተጨፈጨፈ፣ እርከኑም ፈረሰ። ይህን «የገበሬው አለማወቅ» ብለን ማለፍ ለታሪክ ባለሙያ አይገባም። ሰው ለልጁ እንደሚያወርሰው እርግጠኛ ያልሆነበትን ድንጋይ በየዓመቱ እየጠገነ አይኖርም። ኋላ የመጡት የመሬት ይዞታ ምዝገባና በበጋ ወራት የሚካሄደው የተፋሰስ ልማት ዘመቻም ሊመዘኑ የሚገባቸው በዚህ ሚዛን ነው፤ በዘመቻው ስንት ኪሎ ሜትር እርከን ተሠራ ሳይሆን፣ ከዘመቻው በኋላ በባለቤትነት የሚጠግነው ማን ነው ተብሎ።

«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለውን ብሂል ስንተርት ኖረናል። ዛሬ በዓባይ ላይ ታላቅ ግድብ ቆሟል፤ ደስታው የሁላችንም ነው። ነገር ግን ግንቡን በጥቂት ዓመታት መጨረስ ሲቻል፣ ተራራውን መጠበቅ ማለቂያ የሌለው ሥራ ነው፤ ሪባን የሚቆረጥበት ቀን የለውም። ምናልባት ታሪክ ጸሐፊዎችም ችላ ያልነው ስለዚህ ይሆናል።

ውድ ተማሪዎች፣ በሚቀጥለው ጉብኝታችሁ የሐይቁን ስፋት ከመጠየቃችሁ አስቀድማችሁ ቀና በሉ። ተዳፋቱ ምን ለብሷል? እርከኑን ማን ሠራው? ማንስ ይጠግነዋል? መልሱን በዚያ ለሚያርሰው ሰው አቅርቡለት፤ የግድቡን ቀሪ ዕድሜ ከመሐንዲሱ ባልተናነሰ ያውቀዋልና።