የተዳፈነው ቫይረስ፦ ከሶዌቶ እስከ ጳውሎስ

የሶዌቶው ባራግዋናት ሆስፒታል ሲሠራ ለሶዌቶ ሕዝብ አልታሰበም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለእንግሊዝ ጦር ቁስለኞች ተገንብቶ፣ በ1948 (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለጥቁሮች ሆስፒታልነት ተሰጠ። አፓርታይድን ያወጀው መንግሥት ሥልጣን የያዘውም በዚያው ዓመት ነው። በ1997 የክሪስ ሃኒ ስም ሲታከልበት ባራግዋናት በዓለም ከታላላቆቹ ሆስፒታሎች አንዱ ከሆነ ቆይቶ ነበር። አንድ ትንሽ ቫይረስ በምን ያህል ሰው ውስጥ ተዳፍኖ እንደሚኖር ከተቆጠረባቸው ቦታዎች አንዱም ይኸው የሶዌቶና የጆሃንስበርግ የሆስፒታል አልጋ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከቆዳ ነው። ሞሪትዝ ካፖሲ በ1872 ቪየና ላይ በእግር ቆዳ የሚወጣ፣ ወይን ጠጅ መልክ ያለው እብጠት ጽፎ አስተዋወቀ። ለአውሮፓ ሐኪም ይህ የጥቂት ሽማግሌዎች ብርቅ በሽታ ነበር። በአፍሪካ ግን ብርቅ አልነበረም። በጆሃንስበርግ የደቡብ አፍሪካ የሕክምና ምርምር ተቋም ይሠራ የነበረው ኦትሌ በ1962 በሽታው ከአገር አገርና ከሕዝብ ሕዝብ እንዴት እንደሚለያይ አነጻጽሮ፣ ምክንያቱ አካባቢ ነው ወይስ ዘር የሚለውን ጥያቄ አነሣ። መልሱ ሠላሳ ዓመት ፈጀ።

በዚህ መሐል ንቅለ ተከላ መጣ። የሌላ ሰው ኩላሊት እንዳይጣል የሰውነትን መከላከያ በመድኃኒት ማድከም ግድ ነው፤ ያ ዘብ ሲደክም ደግሞ ለዓመታት ዝም ብለው የኖሩ ተሕዋስያን ይነሣሉ። በ1969 አንድ ኩላሊት የተተከለለት አሜሪካዊ ሕመምተኛ ውስጥ ብልቶቹ ድረስ በዘለቀ ካፖሲ ሳርኮማ መያዙ ተጻፈ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ አሜሪካ የሄደው የቀዶ ሕክምና ሐኪም እስራኤል ፔን፣ ዴንቨር ላይ ንቅለ ተከላ ባደረጉ ሰዎች የሚነሣ ካንሰርን የሚመዘግብ መዝገብ ከፍቶ ነበር። የዘመኑ ሐኪሞች ስለ ድል ሲያወሩ የድሉን ዋጋ ቁጭ ብሎ የሚቆጥር ሰው ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። በመዝገቡ ውስጥ ካፖሲ ሳርኮማ ከተጠበቀው በላይ ተደጋገመ።

ቫይረሱ ራሱ የተገኘው በ1994 ነው። ዩዋን ቻንግና ፓትሪክ ሙር ኒው ዮርክ ውስጥ የኤድስ ሕመምተኛን እብጠት መርምረው አዲስ የሄርፒስ ቫይረስ አገኙ፤ ዛሬ ሄርፒስ ቫይረስ 8 ይባላል። ዋና መተላለፊያው ምራቅ ነው፤ በአፍሪካ ብዙ ሰው ልጅ ሳለ ከቤተሰቡ ይወስደዋል፤ አንዴ ከገባ አይወጣም። በ1999 ፍሬዲ ሲታስና ባልደረቦቹ በጆሃንስበርግና በሶዌቶ ሆስፒታሎች የታከሙ ጥቁር የካንሰር ሕመምተኞችን ደም መርምረው ውጤቱን አወጡ። ሌላ ዓይነት ካንሰር ከነበረባቸው 3,293 ሰዎች መካከል 32 በመቶው የዚህ ቫይረስ ፀረ እንግዳ አካል ነበራቸው። ከሦስት ሰው አንዱ ማለት ይቻላል። አብዛኞቹ በቫይረሱ ምክንያት አንድም ቀን ላይታመሙ ይችላሉ፤ ፍሙ አመድ ለብሶ ይኖራል።

አመዱን የሚገልጠው የንቅለ ተከላ መድኃኒት ነው። ቫይረሱ ከለጋሹ ጋር አብሮ ሊመጣ እንደሚችልም በ1998 ታወቀ። በ2003 ደግሞ የጣሊያን ተመራማሪዎች በአንዳንድ ተቀባዮች ላይ የዕጢው ሴሎች ራሳቸው የለጋሹ ሆነው አገኟቸው። የተሰጠው ኩላሊት ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ለረጅም ጊዜ ሕክምናው አንድ ብቻ ነበር፦ መድኃኒቱን መቀነስ ወይም ማቆም። ዕጢው ብዙ ጊዜ ይከስማል፤ ኩላሊቱ ግን አብሮ ሊሄድ ይችላል። ኩላሊቱ ከሄደ ወደ እጥበት መመለስ ነው። በደቡብ አፍሪካ የመንግሥት ሆስፒታሎች ደግሞ የእጥበት ወንበር ለሁሉም አይበቃም። በ1997 የሶብራመኒ ጉዳይ ወደ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ሲደርስ፣ የደርባኑ ሆስፒታል እጥበትን በቅድሚያ የሚሰጠው ንቅለ ተከላ ሊደረግላቸው ለሚችሉ ነበር፤ ሰውየው ልብም ስለሚያመው ከዚያ መስፈርት ውጪ ወደቀ። ፍርድ ቤቱ የገንዘቡን ውስንነት ተቀብሎ ጥያቄውን ውድቅ አደረገ፤ እሱም ብዙ ሳይቆይ ሞተ። እንዲህ ባለ አገር ዕጢውን ለማጥፋት ኩላሊቱን መሠዋት ቀላል ምርጫ አይደለም።

በ2005 ከባሪ፣ ጣሊያን የመጣው ዜና ይህን ቋጠሮ አላላው። ካፖሲ ሳርኮማ የያዛቸው 15 የኩላሊት ተቀባዮች ሳይክሎስፖሪን ቆሞላቸው ሲሮሊመስ በሚባል ሌላ መድኃኒት ተተካ። በሦስት ወር ውስጥ የሁሉም የቆዳ እብጠት ጠፋ፤ ኩላሊታቸውም ሳይጣል ቆየ። መድኃኒቱ መጀመሪያ የተገኘው ራፓ ኑይ ከተባለችው የፓስፊክ ደሴት አፈር ውስጥ ካለ ባክቴሪያ ነው።

አዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ንቅለ ተከላ የተጀመረው በ2015 ነው። ከዚያ በፊት አቅም ያለው ሕንድ ወይም ሌላ አገር ይሄድ ነበር። በጳውሎስ ለጋሹ በሕይወት ያለ ዘመድ ነው፤ ወንድም፣ እናት፣ ልጅ። አብረው አድገው፣ ከአንድ ገበታ ጎርሰው፣ ተጎራርሰውም የኖሩ ናቸውና አንዱ የያዘውን ቫይረስ ሌላው ቢይዘው አይገርምም።

ስለ ኢትዮጵያውያን የታወቀ አንድ እንግዳ ነገር አለ። በ2002 የታተመ ጥናት ወደ እስራኤል የሄዱ ኢትዮጵያውያንን መርምሮ ቫይረሱ በብዙዎቹ ደም ውስጥ ሲገኝ፣ ካፖሲ ሳርኮማ ግን እንደሚጠበቀው እንዳልታየባቸው ዘገበ። መከላከያቸው በመድኃኒት ለደከመ ሰዎች ግን ይህ ማረጋገጫ አይሆንም። ስለዚህ ለክትትል የመጣ ሰው ጫማውን አውልቆ እግሩን፣ አፉንም ከፍቶ ላንቃውን ለሐኪሙ ማሳየት ይኖርበታል፤ ወይን ጠጁ ነጥብ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ነው።