ከደቦው ፋርሶ እስከ መለኪያው አረቄ

በወለጋ ከተሞች ስለ መጠጥ ጉዳት ሲነሣ ጣት የሚቀሰረው በአረቄው ጥንካሬ ላይ ነው። በቤት የሚጠመቀው ጠላ፣ ፋርሶ፣ ጥቂት በመቶ አልኮል ሲይዝ አረቄ ከ34 እስከ 45 በመቶ ይደርሳልና ክሱ መሠረት አለው። ለእኔ ግን ዋናው ለውጥ የመጠጫው ሰዓት ነው። ፋርሶ የሚጠመቀው ለምክንያት ነበር፤ ለደቦ፣ ለሠርግ፣ ለእርቅ። ብቅሉ ቀናት ይፈጃል፣ ጋኑ ሲነጥፍ እንግዳው ይበተናል። የገዥው የኩምሣ ሞረዳ መቀመጫ የነበረችው ነቀምቴ የወርቅና የቡና ነጋዴ መናኸሪያ ስትሆን፣ ጊምቢና ደምቢ ዶሎም ሲያድጉ፣ መጠጥ መሸጥ የብዙ ሴቶች መተዳደሪያ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ጠጪው ደጋሽ መጠበቅ አላስፈለገውም።

ይህ ለምን እንደሚከብድ የአይጥ ሙከራ ያስረዳል። ተመራማሪዋ ላውራ ኮርቢትና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2012 እንዳሳዩት፣ ለአልኮል ማንሻ መጫንን 2 ሳምንት የለመዱ አይጦች አልኮሉን ጠግበው ሲመጡ መጫኑን ይቀንሳሉ፤ 8 ሳምንት የለመዱት ግን ጠግበውም ይጫናሉ። የመጀመሪያዎቹን የሚመራቸው ፍላጎት ነው፣ የኋለኞቹን ልማድ። የደቦው ጠጪ ለድግሱ ይጠጣል። በየምሽቱ በአንድ አረቄ ቤት ደጅ የሚያልፈውን ግን ደጁ ራሱ ይጠራዋል።

ሊ ሆጋርትን የመሰሉ ተመራማሪዎች በዚህ አይስማሙም፤ ሱሰኛ የሚጠጣው ጭንቀቱን ለማስታገስ አስቦ ነው ይላሉ። ድህነትና ሐዘን ወደ መለኪያው እንደሚገፉ አልክድም። ሆኖም ሊ ሮቢንስ ከቬትናም የተመለሱ የአሜሪካ ወታደሮችን ስታጠና፣ እዚያ የሄሮይን ሱሰኛ ከነበሩት አብዛኞቹ አገራቸው ሲገቡ ወደ ሱሱ አልተመለሱም። የሲቪል ኑሮ ጭንቀት የሌለበት ሆኖ አይመስለኝም፤ የተለወጠው ስፍራው ነው።

የነቀምቴ ጠጪ ግን የትም አይሄድም፤ ስለዚህ ለእኛ የሚበልጠው ማስረጃ እዚያው ያለው ነው። ወንጌል ሰባኪው ኦነሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1904 ነቀምቴ ከገባ በኋላ የወንጌላውያን ትምህርት ሲስፋፋ፣ መጠጥ መተው የአማኝነት ምልክት ሆነ። የተዉት በእምነት እንጂ በልማድ ለውጥ አይደለም የሚል ይኖራል። እምነቱ ውሳኔውን ሰጥቷል፤ ውሳኔ ብቻውን ግን የመሸበትን ሰዓት አይሞላም። የሞሉት መዝሙሩና የጸሎት ጉባኤው ናቸው። ሠርጉም አልቀረም፤ በፋርሶው ቦታ የማያሰክረው ቀሪቦ ቀረበ፣ ተጋባዡም ብርጭቆውን እንደያዘ እስኪመሽ ተጫወተ።